አናውቃትም ያልኩበት ስልክ

ከሚሴ ውስጥ ከማይታወቅ የውጭ አገር ቁጥር ስልክ ሲደወል ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። በሌላ አገር የምትኖሩ አንባቢዎች ይህን ላታውቁ ስለምትችሉ ከዚሁ ልጀምር። ጅዳና ዱባይ ያሉ ልጆቻችን ይደውላሉ፤ የእነሱን ቁጥር እናውቀዋለን፣ እየተሻማን እናነሳዋለን። እኔ የምለው ሌላውን ነው። በበረሃና በባሕር አድርገው የወጡ ልጆች መንገድ ላይ ይያዛሉ። የያዟቸው ሰዎች ለቤተሰብ ይደውላሉ። መጀመሪያ የልጁን ስም ይጠራሉ፣ ቀጥለው ገንዘብ ይላሉ፣ ከዚያ ቀን ይቆርጣሉ። በእኛ ሰፈር ይህ ያልደረሰበት ቤት ጥቂት ነው።

እኔ እንዲህ ያለ ስልክ ሁለት ጊዜ አንስቻለሁ። የመጀመሪያው ስለ ልጄ ስለ ሰዓዳ ነበር። በባቲ በኩል ወርዳ ባሕሩን ተሻገረች፤ ከማዶ ተደወለልን፤ የተጠየቅነውን ላክን። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን አልሰማንም። በዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጽፍም። የሁለተኛው ስልክ ግን የሚጻፍ ነው።

በዚያን ጊዜ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ደሴ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምሬ፣ ወደ ከሚሴ ተመልሼ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ስሠራ ነው ዕድሜዬ ያለፈው። ባለቤቴ ሞቷል። ቤት ውስጥ የነበርነው እኔና ራውዳ፣ የሰዓዳ ልጅ ነን። እናቷ ስትሄድ አራት ዓመቷ ነበር። እኔን «እማ» ትለኛለች። ውሃ ነክ ትምህርት ተምራ በማዕረግ ተመረቀች፤ ከተመረቀችበት ዩኒቨርሲቲ በረዳት መምህርነት ቀጠሯት። ዕረፍት ሲሆን ከእኔ ጋር ነበረች።

በሐሙስ ዕለት ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ወደ አፋር ቆላ ለመውረድ ተነሳች። የጉድጓድ ውሃ እየቀዱ ጨውነቱን ሊመረምሩ ነው አለችኝ።

«በባቲ በኩል ነው?» አልኳት።

«በባቲ በኩል ነው እማ። ሌላ መንገድ ቢኖር በሌላው እሄድልሽ ነበር።»

«ስልክሽስ?»

«ከባቲ ወዲያ ብዙ ቦታ አይሠራም። ማክሰኞ ወይ ረቡዕ እመለሳለሁ። ብትደውዪ እንቢ ይልሻል፣ እንዳትደነግጪ።»

እሺ አልኳት። የሾፌሩንም ቁጥር ጻፈችልኝ። መኪናው በመንገዱ መታጠፊያ እስኪሰወር ቆሜ አየሁ።

ስልኩ የተደወለው ሰኞ ነው። የአስር ሰላት ሰግጄ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። አንስቼ «ሄሎ» ስል የፈረንጅ ድምፅ መጣ። የሽማግሌ ድምፅ ነው። «ራውዳ ሰይድ» አለ። አጠራሩ እንደ እኛ ባይሆንም ስሟ ስሟ ነው።

እንግሊዝኛ ተምሬያለሁ። የተማርኩት ግን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ነው፤ ባነብ ይገባኛል። እንዲህ በጆሮዬ ሲፈስ ሰምቼ አላውቅም። ሰውዬው ፈጥኖ ይናገራል፣ መስመሩም ይቆራረጣል። ስሟን ደጋግሞ ጠራ። ዩኒቨርሲቲ አለ። ገንዘብ አለ። አምስት ዓመት አለ። እስከ ነገ መልስ አለ። መልስ ካልመጣ ለሌላ ሰው የሚል ነገርም አለ። ከእነዚህ ቃላት አንዱንም አልተሳሳትኩም፤ በኋላ ስናጣራ ሁሉንም በትክክል ነው የሰማሁት። እኔ አፌን ከፍቼ ልጠይቀው ስል ተቋረጠ።

ያሰጣሁትን ልብስ ሰብስቤ ባልዲው ውስጥ መልሼ ከተትኩት። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ አላውቅም።

ራውዳ ጋ ደወልኩ። ደንበኛዋን ማግኘት አይቻልም ይላል። ሾፌሩ ጋ ደወልኩ። ያው ነው። ደግሜ ደወልኩ። በአጥሩ በኩል ጎረቤቴ ዘምዘም ብቅ አለች። እሷ ከእኔ በብዙ ታንሳለች፤ አፏ ፈጣን፣ ልቧ ደግ ነው።

«እትዬ ከድጃ! ማል ታቴ? ፊትሽ ምን ሆኗል?» አለችኝ።

«ተደወለ» አልኳት።

ሌላ አልጠየቀችም። የእሷ ልጅ ጀማል በረሃ ላይ ተይዞ ስለነበር «ተደወለ» የሚለው ቃል ይበቃታል። በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ገባችና ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«ብቻሽን እንዳታነሺ። ወላሂ ብቻሽን እንዳታነሺ። አያ ይማም የት ነው?»

«ባቲ ገበያ ነው።»

«ይመጣል። አብሽሪ፣ አይዞሽ።»

ታላቅ ወንድሜ አያ ይማም የፍየል ነጋዴ ነው። ሰንበቴ፣ ባቲ፣ ጨፋ ሮቢት፣ ገበያ በቆመበት ሁሉ ይቆማል። ፀሐይ ሳትጠልቅ መጣ፤ አቧራ ለብሷል፣ ያልተሸጡ ሁለት ፍየሎች ይጎትታል። ፍየሎቹን ከዛፉ ጋር ሳያስር ነገርኩት። ቆሞ ሰማኝ።

«ስንት አለ?» አለ።

«ስንት እንዳለ አልሰማሁም።»

«ሻጭ ዋጋውን ሳይናገር ይሄዳል? ይሄ ሌባ ገና ለማጅ ነው።»

«አያ ይማም! ይሄ የፍየል ገበያ አይደለም» አለች ዘምዘም።

«ገበያ ያልሆነ ነገር አሳዪኝና ዝም እላለሁ።»

እንዲህ የሚናገረው ሲፈራ ነው። ገመዱን ሁለቴ አስሮ ሁለቴ ፈታው።

«ዩኒቨርሲቲ የሚል ቃል ሰምቻለሁ» አልኩ። «ምናልባት የሥራ ጉዳይ እንዳይሆን።»

ዘምዘም ራሷን ነቀነቀች። «እትዬ፣ ከታች ሰፈር የሄደችው ልጅስ ምን ተብላ ነው የሄደችው? ነጻ ትምህርት፣ ዩኒቨርሲቲ ተብላ አይደለም? ደላላው ዛሬ በረሃ ልውሰድሽ አይልም። ላስተምርሽ ነው የሚለው፤ ሲያሻውም ፈረንጅ ያስደውላል።»

እውነቷን ነው። ስለዚያች ልጅ ሁላችንም እናውቃለን። ራውዳም ከአራት ቀን በፊት የወረደችው በዚያው በባቲ መንገድ ነው። ባልደረቦቿ ናቸው ያለቻቸውን ሰዎች ከመኪና መስኮት ከማየት በቀር አላውቃቸውም። ይህን ሳስብ ቁጭ አልኩ።

አያ ይማም አጠገቤ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺ ከድጃ፣ ስሚኝ። በሰዓዳ ጊዜ ወዲያው የእኛ ናት አልን። እንደሳሳንላት አወቁ። የእኔ ነው ያለ ይከፍላል፣ የከፈለ ደግሞ እንደገና ይጠየቃል። አሁን ሲደውል አናውቃትም በይው።»

«እውነቱን ነው» አለች ዘምዘም። «ጀማልን ሲይዙት አባቱ ምን አለ? እንዲህ ያለ ልጅ የለኝም፣ እንደፈለጋችሁ አድርጉት አለ። ደወሉ፣ የለኝም አለ። እንደገና ደወሉ፣ የለኝም አለ። በመጨረሻ ምንም እንደማያገኙ ሲያዩ መንገድ ላይ ጥለውት ሄዱ። ይኸው መጣ።»

«ጀማል ሰምቷል?» አልኳት።

«ምን?»

«አባቱ የለኝም ሲል።»

ዘምዘም የሻሿን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። «ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው ነው የሚያናግሩ» አለች። «ሰምቷል። አባቱን እስከ ዛሬ ቀና ብሎ አያየውም።»

ከዚያ በኋላ እኔን ያስጨነቀኝ ገንዘቡ አልነበረም። ራውዳ የምትሰማው ነገር ነው።

«መጀመሪያ ድምፅዋን ልስማ» አልኩ። «በሕይወት መኖሯን ሳላውቅ ምንም አልልም።»

«ይሄስ ልክ ነው» አለ አያ ይማም። «ጥርሱን ሳላይ ፍየል ገዝቼ አላውቅም።»

«አያ ይማም፣ አላህን ፍራ!» ብላ ዘምዘም ትከሻውን መታችው።

መግሪብ ሰግደን ስንጨርስ ስልኩ ጮኸ። ሦስታችንም ምንጣፉ ላይ ነበርን። ያ ረቢ ብዬ አነሳሁ። የምለውን በእንግሊዝኛ በልቤ ደጋግሜ አጥንቼ ስለነበር እሱ ሳይጀምር፣ «ድምፅዋን አሰማኝ» አልኩት። «መጀመሪያ ድምፅዋን አሰማኝ።»

ሰውዬው ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል እየለየ ተናገረ። አሁን ሁሉም ገባኝ። «ይቅርታ» አለ፣ «እሷ እኔ ጋ የለችም። እኔም እየፈለግኋት ነው። የት እንዳለች ታውቂያለሽ?»

ስልኩን በእጄ ሸፍኜ ለሁለቱ ተረጎምኩላቸው። ዘምዘም እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አምልጣለች» አለ አያ ይማም። ፊቱ ተለወጠ። «አምልጣቸዋለች! የት እንደገባች ከእኛ ሊሰልሉ ነው። ከድጃ፣ የአንቺ መሆኗን ካወቁ እዚሁ ደጅሽ ይጠብቋታል። አናውቃትም በይ። አሁኑኑ በይ!»

እንግዲህ አንባቢ ይፍረደኝ። ልጅቷ አምልጣ ከሆነ እሷን የማተርፈው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ስልኩን ወደ አፌ መለስኩ። «ይህችን ልጅ አናውቃትም» አልኩ። «የእኛ አይደለችም። እዚህ አትደውል።»

ድምፄ ጠንካራ ነበር። በራሴ ድምፅ ደነገጥኩ። ሰውዬው፣ «ይቅርታ እመቤቴ። ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ» ብሎ ዘጋ።

«ምን አለ?»

«ይቅርታ አለ።»

«ሌባ ይቅርታ ይላል?» አለች ዘምዘም።

አያ ይማም ትንሽ አሰበ። «የዘንድሮ ሌባ የተማረ ነው» አለ።

ማንም አልሳቀም፤ እሱም ለሳቅ አላለውም።

ያንን ሌሊት አልገልጸውም። ልጅ ያላችሁ ትገምታላችሁ። ጎህ ሲቀድ አያ ይማም ወደ ባቲ ተመለሰ፤ የሚያውቃቸውን የአፋር ነጋዴዎችና የጭነት መኪና ሾፌሮች ሊጠይቅ ነው። ስልኬን ከእጄ ሳላወጣ ዋልኩ። ቤቱ በሴቶች ሞላ። ዘምዘም ማንንም አልጠራሁም ትላለች፤ ሰው ግን መጣ። ዱዓ ተደረገ። አንዲት ዘመዴ አልቅሳ ገባች። ሌላዋ ወንበሮቹን ወደ ውጭ አውጥታ ፍራሽ መሬት ላይ ዘረጋች፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በዙሪያው ተቀመጡ።

«ማን ሞተ?» አልኩ።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ማን ሞተ ነው የምለው። ፍራሹን አንሱት።»

አነሱት። ዳሩ ግን የለቅሶ ቤት መልክ ከቤቱ አልወጣም። አያ ይማም ከባቲ ደወለ። «በሰሞኑ የወረዱ ሴት ልጆች አልታዩም ይላሉ» አለኝ። «የመንግሥት ታርጋ ያላት መኪና ግን ሐሙስ አልፋለች ብለውኛል። አብሽሪ።» ይህ ጥሩ ይሁን መጥፎ ሁለታችንም አላወቅንም።

ከአስር በኋላ ደጃፍ ላይ መኪና ቆመ። ራውዳ ወረደች። በውሃ የተሞሉ ትናንሽ ጠርሙሶች የያዘ ሳጥን ታቅፋለች፤ ጫማዋ በጨው ነጥቷል። ግቢው ውስጥ የተቀመጡትን ሴቶች አየች፣ ያበጡ ዓይኖቻቸውን አየች። ሳጥኑ ከእጇ ወደቀ።

«እማ!» ብላ ጮኸች። «እማዬ! እማዬን ምን አገኛት?»

በሴቶቹ መሀል ጥሳ ወደ ውስጥ ሮጠች። እኔ በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ፤ አጠገቤ አልፋ ነው የገባችው። ከጓዳ ወደ መኝታ ቤት ስትሮጥ ድምፅዋ ይሰማኛል።

«እዚህ ነኝ» አልኩ። አልሰማችኝም። «ራውዳ። እዚህ ነኝ።»

ወጥታ አየችኝ። ሁለታችንም ሌላዋ ሞታለች ብለን ነበርና ተያይተን ቆምን። ከዚያ ሴቶቹ በአንድ አፍ ማውራት ጀመሩ፤ ማን ያቅፋታል፣ ማን ይስማታል፣ ማን ይቆጣታል፣ አይለይም። ዘምዘም እያለቀሰች ጀርባዋን ትደበድባታለች። «ምን አባሽ ሆነሽ ነው እንዲህ የምትጨርሺን! አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ! አይ አንቺ!»

ሲረጋጋ ነገርኳት። ስሟን የጠራ ፈረንጅ እንደደወለ፣ ገንዘብ እንዳለ፣ እስከ ነገ እንዳለ። እየሰማች ቅንድቦቿ ተጠጋጉ። «ቁጥሩን አሳዪኝ» አለች። ስልኬን ሰጠኋት። አይታ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች።

«እማ፣ ይሄ ካናዳ ነው።»

«ካናዳ ምን አለሽ?»

መልሱን ለመናገር ጊዜ ወሰደባት። ሁለተኛውን ዲግሪ ጨምሮ ለሚሰጥ የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ማመልከቷን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ማመልከቻውን የላከችው ከወራት በፊት ነው። ለማንም አልተናገረችም፤ እኛ ጋ ያልተፈጸመ ነገር አይወራም፣ ዓይን ይገባዋል እንላለን፤ ያንን ልማድ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በእኔ ጊዜ የፈተና ውጤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር፤ ሄደን ስማችንን እንፈልጋለን፣ ስማችን ካለ አለ፣ ከሌለ የለም። የእነሱ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ በኢሜይል መልስ አለሽ፣ ገብተሽ እዪ የሚል አጭር ነገር ይመጣል። ገብታ ስታይ ተቀባይነት አግኝታለች፤ ነገር ግን የትምህርቱን ወጪ የሚችልላት ገንዘብ የለም፣ በተጠባባቂነት ቆዪ ይላል። መቀበልና ገንዘቡ ለየብቻ ነው የሚነገሩት። ገንዘብ የሌለው ቅበላ ለእኛ ሰው ምንም ማለት አይደለም።

«ስለዚህ ያለቀ ነገር ነው ብዬ ተውኩት» አለች። «መጀመሪያ ገንዘብ የተሰጣቸው ሰዎች እሺ ወይም እንቢ የሚሉበት ቀን አለ። አንዱ በመጨረሻው ሰዓት እንቢ ካለ የሱ ድርሻ ወደ ተጠባባቂው ይመጣል። ያኔ ጊዜ ስለሌላቸው መምህራኑ ራሳቸው ይደውላሉ። የራሴ ስልክ እንቢ ሲላቸው ሁለተኛው ቁጥር ላይ ደወሉ። ሁለተኛ ቁጥር ሙዪ ሲለኝ ያንቺን ነበር የሞላሁት።»

«አምስት ዓመት ያለው?»

«ትምህርቱ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ይከፍላሉ።»

«ለሌላ ሰው ያለውስ?»

«ካልመለስኩ ቀጥሎ ለተሰለፈው።»

ከሴቶቹ አንዷ እልልታ ልትጀምር አፏን ከፈተች፤ ዘምዘም ክንዷን ይዛ አስቆመቻት። ዘምዘም የሚመጣውን ጥያቄ አውቃለች።

«እማ፣ ምን አልሽው?» አለች ራውዳ።

«አናውቃትም አልኩት።»

«በእንግሊዝኛ?»

«በእንግሊዝኛ።»

«የእኛ አይደለችም ብላዋለች» አለች ዘምዘም በቀስታ። «እዚህ አትደውል ብላዋለች።»

ራውዳ ልትስቅ ነበር፤ ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። አየችኝ። ያያችውን ነገር አላውቅም፤ ፊቴን በደንብ የምቆጣጠር ሰው ነኝ። ግን የልብሴን ጠርዝ ያዘች፣ ልጅ እያለች እንደምትይዘው።

በዚህ መሀል አያ ይማም ከባቲ ደወለ። ዘምዘም እየጮኸች ሁሉንም ነገረችው። ድምፁ እኛ ጋ ድረስ ይሰማ ነበር። «አምስት ዓመት የሚከፍል ሌባ ነው ያባረራችሁት?» አለ። «እኔም ልጆች አሉኝ፣ ለምን ለእኔ አልሰጣችሁትም?» ሴቶቹ ሳቁ፤ ከትናንት ወዲህ በዚያ ግቢ የተሰማ የመጀመሪያ ሳቅ ነው። አያ ይማም ጨመረ፣ «ነገ ያለው እኮ ዛሬ ነው።»

እኔም ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት። ራውዳ ቆጠረች። እዚያ እኩለ ቀን ሲሆን እኛ ጋ ከመግሪብ ትንሽ አለፍ ይላል፤ ቀኑ የሚዘጋውም ያን ጊዜ ነው። ፀሐይዋ ጨፋ ሜዳ ላይ ዝቅ ብላ ነበር። ዘምዘም ከስልኳ ላይ ሒሳብ ላከችልኝና የእኔ ስልክ ለውጭ ጥሪ ተዘጋጀ። ራውዳ ያዘችው። ቁጥሩ ከፊቷ ነው። አልደወለችም።

«ለምን አትደውዪም?» አልኳት።

«አምስት ዓመት ነው እማ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ብቻሽን ነሽ። እናቴም…» አቋረጠችው። ስለ ሰዓዳ እኔና እሷ አንነጋገርም። «ቅሪ ካልሽኝ አልደውልም። ወላሂ ቅር አይለኝም። ሥራ አለኝ።»

ሁለት ቀን ሙሉ ልጄን ከእጄ ወስደው ባሕር ማዶ አሻገሯት ብዬ ደንግጬ፣ አሁን በሰላም ከፊቴ ተቀምጣ ባሕር ልሻገር ወይ ትለኛለች። አንድ ቃል መናገር አያስፈልገኝም ነበር። ትናንት አናውቃትም ብያለሁ፤ ሰዓቱ ደግሞ በራሱ ይሄዳል። ዝም ብል አዛን ይላል፣ እንሰግዳለን፣ ሰላት ስንጨርስ ጉዳዩ አልቋል። ማንም ሰው ከድጃ ከለከለቻት አይልም። ይህን ሁሉ አሰብኩት። ሌላው ሰው ግን ያሰብኩበትን ጊዜ ከነበረው አጭር አድርጎ ነው ያየው።

ከመስጊዱ አዛን ተሰማ።

«ደውዪ» አልኳት።

ደወለች። ወዲያው ተነሳ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠራ የተነሳ ነው የመሰለኝ። ራውዳ ቆማ በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ ስሟን ነገረችው፣ በረሃ እንደነበረች ነገረችው። ከዚያ ዝም ብላ ሰማች። እጇ ወደ አፏ ሄደ። «አዎ» አለች። «አዎ። አዎ።» ያንን ሁላችንም ያለ አስተርጓሚ ገባን። አሁን እልልታውን ማንም አላቆመውም።

«ምን አለ? ምን አለ?» ዘምዘም እጅጌዋን ትጎትታለች።

ራውዳ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ወደ እኔ ዞረች። «ትናንት ሴትዮዋ አናውቃትም አሉኝ አለ። ለሚቀጥለው ሰው ልደውል ነበር አለ። ግን ያቺ ሴት አናውቃትም ከማለቷ በፊት ድምፅዋን አሰማኝ ነው ያለችኝ፤ ማንም ሰው የማያውቀውን ሰው ድምፅ አሰሙኝ አይልም፣ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ሰዓት ልጠብቅ አልኩ አለ። እማ፣ ከጠዋት ጀምሮ ስልኩ አጠገብ ነው የተቀመጠው።» ስልኩን ዘረጋችልኝ። «ሊያናግርሽ ይፈልጋል።»

ወሰድኩት። ያጠናሁት ዓረፍተ ነገር አልነበረኝም። ሽማግሌው ከወዲያ ሆኖ ሰላምታ አቀረበ። እኔም ሰላምታውን ከመመለሴ በፊት መነገር ያለበትን ነገርኩት።

«ልጅቷን አውቃታለሁ» አልኩ። «የእኔ ናት።»

ራውዳ ከሄደች ዓመት አልፏል። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ እየሳቀ ይነግረኛል፤ አያ ይማም በየገበያው አዳርሶታል። ሲያወራው እኔ ፈረንጁን በእንግሊዝኛ አሸንፌዋለሁ። እኔ ግን ስጽፈው አልሳቅኩም። ከዚያ ቀን የተረፈኝ ነገር አለና በግልጽ ልንገራችሁ። ክፉውን ስልክ ለብዙ ዓመታት ስለተለማመድነው ከውጭ የሚመጣን ድምፅ ሁሉ በሱ ልክ መስማት ይዘናል። ስሟን ሰማሁ፣ ገንዘብ ሰማሁ፣ ቀን ሰማሁ፤ የቀረውን እኔ ሞላሁት። ሰውዬውን ማን ልበል ብዬ እንኳ አልጠየቅሁትም። ለጎረቤት ልጅ የማቀርበውን ጥያቄ ለሱ ነፈግሁት።

ስለዚህ ልጆቻችሁ ለትምህርት አመልክተው እንደሆነ ጠይቋቸው። ሳይፈጸም አይወራም ለሚለው ልማዳችን ክብር አለኝ፤ ቢያንስ ግን ስልኩ የሚደወልበት ቤት ያለ ሰው ይወቅ። ልጆችም ብትሆኑ የማንን ቁጥር እንደሞላችሁ ለባለቤቱ ንገሩት። ስትደነግጡ ደግሞ ደንግጣችሁም ቢሆን ጠይቁ። ይህን የምለው ምክር ለመስጠት ደፋር ሆኜ አይደለም። የአንድ ባዕድ ሽማግሌ ትዕግሥት ባይኖር ኖሮ በእኔ አንደበት የተዘጋው በር ሳይከፈት ይቀር ስለነበር ነው።

ራውዳ የሄደች ዕለት የአዲስ አበባው አውቶቡስ ከአውራ ጎዳናው ዳር ቆመላት። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር። ሻንጣዋን አያ ይማም ራሱ ጫነ፤ ለሾፌሩ ዕቃው እንዳይሰበር እንደ ፍየል ገበያ እየጮኸ ነገረው። ዘምዘም ዱዓ አደረገችላት። እናቷ ከዚህ ከተማ ስትወጣ ጎህ አልቀደደም፤ ማንም ሰው አላያትም፣ እኔም አላየኋትም። ልጇ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ እኔም እያየኋት ሄደች።